ቤቱን ስንረከብ አድራሻዎቹንም እንረከብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስማርት ቤት የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ዕቃው ነው፤ የትኛው አምፖል፣ የትኛው ካሜራ፣ የትኛው የበር ቁልፍ ይሻላል በሚል። ዕቃውን ገዝቶ ያስገጠመ ሰው ጥቂት ወራት ቆይቶ የሚያነሣው ቅሬታ ግን ሌላ ነው። «ካሜራው ኦፍላይን ይላል»፣ «ሶኬቱ ከአፑ ላይ ጠፋ»፣ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም»። ባለሙያ ይጠራል፤ መሣሪያው ከሲስተሙ ወጥቶ እንደ አዲስ ይገባል፤ ለጊዜው ይሠራና ያው ችግር ይደገማል። በመጨረሻ ዕቃው ጥራት የለውም ተብሎ ይጣላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ነው፤ ያልተስተካከለው የኔትወርኩ አቀማመጥ ነው።

የቤት አውቶሜሽን የሚገጥም ባለሙያ ሽቦውንና ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን ኔትወርኩንም አስተካክሎ፣ በወረቀት ጽፎ ማስረከብ አለበት። ባለቤቱም ይህን ወረቀት ሳይቀበል ሥራው አልቋል ብሎ መፈረም የለበትም። ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቁ መጠየቅ ስለማይቻል ዝርዝሩን ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ።

ራውተር ወደ ኔትወርኩ ለሚገባ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ዲኤችሲፒ በተባለው አሠራር የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይሰጣል። አድራሻው የሚሰጠው በኪራይ መልክ ነው፤ በቤት ራውተሮች ላይ የኪራዩ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ነው። መሣሪያው ሳይጠፋ ከቆየ ጊዜው ግማሽ ላይ ሲደርስ ራሱ ያሳድሳል። ስለዚህ ለወራት አንድ አድራሻ ላይ ሊቆይና ሁሉም ነገር ቋሚ ሊመስል ይችላል። ይህ የሚፈርሰው መብራት ሲቋረጥ ነው። አንዳንድ ራውተር ሲጠፋ ለማን ምን እንደሰጠ የሚይዝበት መዝገብ አብሮ ይጠፋበታል። ኃይል ሲመለስ ሃያ ሠላሳ መሣሪያ በአንድ ጊዜ አድራሻ ይጠይቃል፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይወስዳል። ትናንት 192.168.1.23 ላይ የነበረው ካሜራ ዛሬ 192.168.1.31 ላይ ይገኛል፤ በ23 ቁጥር ላይ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ተቀምጧል። ዕቃዎቹን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ ሣጥን ካሜራውን የሚፈልገው በድሮው ቁጥር ስለሆነ «የለም» ይላል። ካሜራው ግን ግድግዳው ላይ ሆኖ በሚገባ እየሠራ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር አለ። ራውተር ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ትንሽ መሣሪያ ግን በጥቂት ሰከንድ ይነሣል። አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ አንዳንዱ መሣሪያ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ያወጣል። በየትኛውም መሣሪያ ላይ 169.254 ካያችሁ ትርጉሙ «ዲኤችሲፒ አላገኘሁም» ነው። ያኔ የሚመረመረው ገመዱ፣ ገመዶቹን የሚያከፋፍለው ስዊችና ራውተሩ ነው፤ አፑን ማጥፋትና መጫን ጊዜ ማባከን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ አምፖል እንኳ ከመገጠሙ በፊት የአድራሻ ዕቅድ ይወጣል። ለውስጥ ኔትወርክ ተብለው በ1996 በወጣው የኢንተርኔት ደረጃ የተለዩ ሦስት ክልሎች አሉ፤ በ10 የሚጀምሩት በሙሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እና በ192.168 የሚጀምሩት። ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኞቹ 192.168.0 ወይም 192.168.1 ላይ ናቸው። እኔ ይህ ከመጀመሪያው ቀን መቀየር አለበት ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ከኢንተርኔት አቅራቢው የሚመጣው ሣጥን ራሱ ራውተር ስለሆነ ከኋላው የራሳችሁን ራውተር ስትጨምሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ክልል ሊይዙ ይችላሉ፤ ያኔ የውስጡ ራውተር የትኛው ወገን ውስጥ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ ከሌላ ቦታ ሆናችሁ በቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤት ኔትወርክ በሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ያላችሁበት ቦታ ኔትወርክም 192.168.1 ከሆነ፣ ስልኩ የቤታችሁን ካሜራ የሚፈልገው እዚያው ባለበት ቦታ ነው፤ ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» እያለ ምንም አይከፈትም። 192.168.50 ወይም 10.20.30 ዓይነት ብዙም ያልተለመደ ክልል መምረጥ ሁለቱንም ችግር ያስቀራል። ከዚህ በኋላ በምሳሌዬ 192.168.50ን ይዤ እሄዳለሁ።

ራውተሩ ራሱ 192.168.50.1 ይሁን። ሰብኔት ማስኩ፣ ማለትም የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነው ቁጥር፣ 255.255.255.0 ሲሆን ለ254 አድራሻ ቦታ አለው፤ ለመኖሪያ ቤት ይበቃል። ዲኤችሲፒ በራሱ የሚያድለው ከ100 እስከ 199 ያለውን ብቻ ይሁን። ከ2 እስከ 9 ለስዊችና ለዋይፋይ ማሰራጫዎች፣ ከ10 እስከ 19 ለመቆጣጠሪያ ሣጥኖች፣ ከ20 እስከ 39 ለካሜራና ለመቅጃው፣ ከ40 እስከ 99 ለቀሪው ይመደብ። ቁጥሮቹን እንደፈለጋችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ዋናው ነገር ራውተሩ በራሱ የሚያድለውና እናንተ በእጅ የምትሰጡት እንዳይገናኙ ነው። ሪዘርቬሽኑን (ራውተሩ ላይ ለአንድ መሣሪያ የሚመዘገበውን ቋሚ ቁጥር) ከሚያድለው ክልል ውስጥ ብቻ የሚቀበል ራውተር ካጋጠማችሁ ክልሉን አስፉት፤ በእጅ የሚጻፉት ብቻ ከክልሉ ውጭ ይቆዩ።

ቋሚ አድራሻ በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንዱ ራውተሩ ላይ «ይህ መሣሪያ ምንጊዜም ይህን ቁጥር ያግኝ» ብሎ መመዝገብ ነው፤ ሪዘርቬሽን ይሉታል። ሌላው አድራሻውን በመሣሪያው ላይ በቀጥታ መጻፍ ነው፤ ይኼኛው ስታቲክ ነው። የእኔ ምርጫ ለሁሉም ነገር ሪዘርቬሽን ነው፤ ስታቲክ ለዋናው መቆጣጠሪያና ለኔትወርክ ዕቃዎቹ ብቻ። ምክንያቱም ሪዘርቬሽን አንድ ገጽ ላይ ተሰብስቦ ይታያል። ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጠው) ወይም ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫው ራውተር) መቀየር ካስፈለገ አንድ ቦታ ይቀየራል። በሃያ መሣሪያ ላይ ስታቲክ የጻፈ ባለሙያ ግን ራውተሩ የተቀየረ ዕለት ሃያውንም አንድ በአንድ መክፈት አለበት፤ አንዳንዶቹ ጣሪያ ላይ ናቸው።

ሪዘርቬሽን ሲሠራ መሣሪያው መጀመሪያ በተራው አሠራር ይገናኝ። ከዚያ በራውተሩ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ክፈቱና በማክ አድራሻው ለዩት። ማክ አድራሻ ባለ 12 አሃዝና ፊደል መለያ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዕቃው ጀርባ ወይም በካርቶኑ ላይ ታትሟል። ቁጥሩን መድቡለት፣ አስቀምጡ፤ ከዚያ መሣሪያውን አጥፍታችሁ አብሩ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ናት የምትዘለለው። ሪዘርቬሽኑ ተጽፎም ቢሆን መሣሪያው አሮጌውን አድራሻ እንደያዘ ይቆያል፤ የሚቀይረው ኪራዩን ለማደስ ሲመጣ ወይም እንደገና ሲነሣ ነው። ባለሙያው በአሮጌው ቁጥር አፑን አስተካክሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሁሉም ይጠፋል።

ልብ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። በገመድም በዋይፋይም የሚሠራ ዕቃ ለሁለቱ የተለያየ ማክ አድራሻ ስላለው ዛሬ በዋይፋይ መዝግባችሁ ነገ ገመድ ብትሰኩበት ሪዘርቬሽኑ አይሠራም። ስልኮች ደግሞ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ እውነተኛ ማካቸውን ደብቀው በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር ያሳያሉ። «ባለቤቱ ቤት ሲገባ መብራት ይብራ» የሚለው ትእዛዝ በስልኩ አድራሻ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ስልኩ ላይ ለቤቱ ዋይፋይ ብቻ ይህን ድብቅ አድራሻ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ስታቲክ ሲጻፍ የሚሞሉት አራት ናቸው፤ አድራሻው፣ ማስኩ፣ ጌትዌዩ፣ ዲኤንኤሱ። ሆም አሲስታንት የተባለውን በብዙዎች ዘንድ የሚሠራበት ክፍት ሲስተም እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ኔትወርክ ይከፈታል። የገመዱን መስመር መርጣችሁ አይፒቪ4 የሚለውን ከአውቶማቲክ ወደ ስታቲክ ትቀይሩታላችሁ። አድራሻውን 192.168.50.10፣ ማስኩን 255.255.255.0 አድርጉ፤ በአንዳንድ ስሪት ሁለቱ አብረው 192.168.50.10/24 ተብለው ይጻፋሉ፣ 24 ያው ማስኩ ነው። ጌትዌዩ 192.168.50.1፤ ዲኤንኤሱም እዚያው ራውተሩ ሊሆን ይችላል። ሴቭ ስትሉት ገጹ ይቆማል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሣጥኑ አድራሻ ስለቀየረ ነው። አዲሱን አድራሻ ከነፖርቱ (አገልግሎቱን ከሚለየው የበር ቁጥር ጋር)፣ 192.168.50.10:8123 ብላችሁ ክፈቱት።

እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ሳይነቅል ሳይፈታ ያገኛቸዋል። ጌትዌዩ ከተሳሳተ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ወደ ኢንተርኔት ግን አይወጣም፣ ማሻሻያ አይወርድም፣ ከውጭ ማስጠንቀቂያ አይደርስም። ዲኤንኤሱ ብቻ ከተሳሳተ በቁጥር የሚጠራ ሁሉ ይገኛል፤ በስም የሚጠራው አይገኝም፤ የአየር ሁኔታው፣ የድምፅ ረዳቱ፣ የማሻሻያ ማዕከሉ ሁሉ ዝም ይላል። ማስኩ ላይ 255.255.255.0 መጻፍ ሲገባ በስህተት 255.255.255.128 ከተጻፈ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግራ ያጋባል። መቆጣጠሪያው ከ1 እስከ 126 ያሉትን ብቻ ጎረቤቶቼ ብሎ ያያቸዋል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን በራውተሩ በኩል ይፈልጋቸዋል። አንዳንዱ ዕቃ ይገኛል፣ አንዳንዱ አይገኝም፤ ሰውም «ሲግናል ነው» ይላል።

ከሁሉም አስቸጋሪው አንድ አድራሻ ለሁለት ዕቃ ሲደርስ ነው። አንድ ሰው መቅጃው ላይ በእጅ 192.168.50.120 ጻፈ እንበል፤ ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውስጥ ነው። አንድ ቀን ራውተሩ ያንኑ ለላፕቶፕ ይሰጠዋል። ላፕቶፑ ሲከፈት መቅጃው ይጠፋል፣ ሲዘጋ ይመለሳል። ችግሩ ሁልጊዜ ስለማይታይ ሰው ለወራት ይለፋበታል። መፈተኛው ቀላል ነው። የተጠረጠረውን ዕቃ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ጥቂት ጠብቃችሁ ከኮምፒውተር አድራሻውን ፒንግ አድርጉት (መልስ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁት)። ዕቃው ተነቅሎ እያለ መልስ ከመጣ በዚያ ቁጥር ላይ ሌላ ዕቃ ተቀምጧል። ራውተሩ ላይ ማኩን አይታችሁ ማን እንደሆነ ለዩት።

ወደ ዋይፋዩ ልለፍ። ብዙዎቹ ስማርት ሶኬቶች፣ አምፖሎችና ሴንሰሮች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው። ርካሽና ኃይል ቆጣቢ ቺፕ ስላላቸው ነው፤ 2.4 ግድግዳንም ከ5 ጊጋኸርዝ በተሻለ ያልፋል። አዲስ ራውተር ሁለቱን በአንድ ስም ያወጣል። ከዕቃዎቹ አብዛኞቹ በዚህ አይቸገሩም፤ መጀመሪያ ሲመዘገቡ ግን ስልኩ 5 ላይ ሆኖ ዕቃው ስለሚፈልገው አንዳንድ አፕ «መሣሪያው አልተገኘም» ይላል። የ5ቱን ለምዝገባው ያህል አጥፍታችሁ መልሳችሁ ማብራት ይቻላል። የምመርጠው ግን ለአውቶሜሽን ዕቃዎች ብቻ የሚሆን፣ 2.4 ብቻ የሚያሰራጭ ሌላ ስም መክፈት ነው። የምስጢር አሠራሩን ደግሞ ደብሊውፒኤ2 ላይ አድርጉት። ደብሊውፒኤ3 ብቻ ካደረጋችሁት የቆዩ ዕቃዎች ፈጽሞ አይገቡም፤ ሁለቱን የሚቀላቅለው ምርጫም ላይ ቢሆን አንዳንዶቹ ይገቡና ይወድቃሉ። የቤተሰቡ ስልክና ኮምፒውተር ያለበት ስም ደብሊውፒኤ3 ላይ መሆን ይችላል።

ይህ የተለየ ስም ሌላም ጥቅም አለው። ራውተር በተቀየረ ጊዜ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል፣ ትልቅና ትንሹን ሳታሳስቱ እንደነበረ ካስገባችሁት፣ የምስጢር አሠራሩም አንድ ከሆነ፣ ዕቃዎቹ መሣሪያ እንደተቀየረ እንኳ ሳያውቁ ይገናኛሉ። ሠላሳ አምፖል መሰላል ላይ እየተወጣ እንደገና የሚመዘገበው ይህን ባለማድረግ ነው። ስሙና ቃሉ ወረቀቱ ላይ መኖር ያለበትም ለዚህ ነው።

አንዳንዶች ዕቃዎቹን የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ያስገባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን የእንግዳ ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይከለክላል፤ አይሶሌሽን ይሉታል። በደመና (ኢንተርኔት ላይ ባለ የአምራቹ ሰርቨር) ብቻ ለሚሠራ ዕቃ አያስቸግርም። በቤት ውስጥ መቆጣጠሪያ ለሚታዘዝ ዕቃ ግን በሩን ዘግቶ ደውሉን እንደመጠበቅ ነው። መቆጣጠሪያው አያየውም፣ ስልኩም አያገኘውም።

ቻናል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሚታሰበው በላይ የሚጎዳውና ከሁሉም ያነሰ የሚወራለት እሱ ነውና። ዚግቢ የሚባለው የሴንሰሮች ሬዲዮ የሚሠራው ዋይፋይ በሚሠራበት በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ዋይፋይ ኃይሉም ስፋቱም ይበልጣል፤ አንድ የዋይፋይ ቻናል 20 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲይዝ የዚግቢው 2 ሜጋኸርዝ ነው። በዋይፋይ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የዚግቢ ቻናሎች ከ11 እስከ 26 ይቆጠራሉ፤ ቁጥሩ ከዋይፋዩ 11 ጋር ግንኙነት የለውም። የዚግቢው 11 በ2405 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ በዋይፋይ 1 መሐል ይገባል። 15 በ2425 ላይ ስለሆነ በዋይፋይ 1 እና 6 መካከል ባለው ክፍተት ያልፋል፤ 20 በ2450 ላይ ሆኖ በ6 እና በ11 መካከል፤ 25 ደግሞ በ2475 ላይ ሆኖ ከዋይፋይ 11 በላይ ይወጣል። ስለዚህ ዋይፋዩን 1 ወይም 6 ላይ አስቀምጣችሁ ዚግቢውን 25 ላይ ማድረግ ንጹሕ አቀማመጥ ነው። 26ን አልመክርም፤ አንዳንድ ዕቃ አያውቀውም ወይም በእሱ ላይ ኃይሉን ይቀንሳል። ራውተሩ ቻናሉን በራሱ እንዳይመርጥም አድርጉ፤ አንድ ሌሊት ዘሎ ዚግቢው ላይ ቢቀመጥ ጠዋት የበር ሴንሰሮቹ ዝም ይላሉ። ስፋቱንም 40 ሳይሆን 20 ሜጋኸርዝ ላይ አቁሙት።

ቻናሉን የምትወስኑት ዕቃ ከመግባቱ በፊት ይሁን። ዚግቢ ከሠራ በኋላ ቻናል ሲቀየር በመብራት ኃይል የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ይከተላሉ፤ በባትሪ የሚሠሩት ግን ተኝተው ስለሚቆዩ ትእዛዙን ሳይሰሙት ይቀሩና አንዳንዶቹ እንደገና መመዝገብ ይፈልጋሉ። የዚግቢ ዶንግል (ሬዲዮውን የያዘው ትንሽ የዩኤስቢ ዕቃ) ከመቆጣጠሪያው ዩኤስቢ 3.0 ላይ በቀጥታ መሰካቱም የታወቀ በሽታ ነው። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጩኸት እንደሚያወጣ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ዶንግሉን በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ አንድ ሜትር ያህል ከሣጥኑ፣ ከውጭ ሃርድ ዲስክና ከራውተሩ አርቁት፤ የሚገኝ ከሆነም ዩኤስቢ 2.0 ላይ ሰኩት። ከሚደረጉት ሁሉ ርካሹና ውጤቱ ቶሎ የሚታየው ይህ ነው።

ቤቱ ውስጥ ዕቃዎች እርስ በርስ የሚፈላለጉበትም አሠራር መታወቅ አለበት። ኤምዲኤንኤስ የተባለው በ224.0.0.251፣ በዩዲፒ (አንዱ የመረጃ መላኪያ ስልት) ፖርት 5353 ላይ «እዚህ ማን አለ?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ ኤስኤስዲፒ ደግሞ በ239.255.255.250 እና በፖርት 1900። ኬኤንኤክስ የተባለውን የቤት አውቶሜሽን ደረጃ የገጠሙ ቤቶች 224.0.23.12ን እና ፖርት 3671ን ያውቁታል። እነዚህ ጥሪዎች ከአንድ ሰብኔት ወደ ሌላው አይሻገሩም። ኔትወርኩን ለደኅንነት በቪላን (አንዱን ኔትወርክ በሴቲንግ ለየብቻ በሚከፍል አሠራር) ለሁለት የከፈለ ባለሙያ «ስልኬ ቴሌቪዥኑን አያገኘውም» የሚል ስልክ የሚደወልለት ለዚህ ነው። መፍትሔው ኤምዲኤንኤስን ብቻ የሚያስተጋባ አገልግሎት ራውተሩ ላይ ማብራት፣ ከዚያም ግንኙነትን በሚፈቅደውና በሚያግደው ፋየርዎል ላይ ከስልኮቹ ወገን ወደ ዕቃዎቹ የሚጀመረውን ግንኙነት መፍቀድ፣ ከዕቃዎቹ ወደ ስልኮቹ የሚጀመረውን መከልከል ነው። እንደ እኔ ግን ቪላን ለሁሉም ቤት አይደለም። የሚከታተለው ሰው ከሌለ፣ በደንብ የተሰጡ አድራሻዎችና የታደሱ ሶፍትዌሮች ያሉበት አንድ ኔትወርክ ማንም ሊጠግነው ከማይችል የተከፋፈለ ኔትወርክ ይሻላል። ካሜራ በብዛት ያለበት ቤት ከሆነ ግን ካሜራዎቹን ለይቶ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ ማገድ ልፋቱን ይክሳል።

በጥቅምት 2022 የወጣው ማተር የተባለው፣ የተለያዩ አምራቾች ስማርት ዕቃዎች አብረው እንዲሠሩ የሚያደርገው ደረጃ የሚሠራው በአይፒቪ6 (በአዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት) ነው። «አያስፈልግም» ብሎ አይፒቪ6ን ራውተሩ ላይ ያጠፋ ሰው የማተር ዕቃ አልመዘገብ ብሎት ቢቸገር መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው።

አሁን ከውጭ ስለመግባት። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጉዳቱ ከአንድ ቤት ያልፋልና። ካሜራን ወይም መቆጣጠሪያን ከውጭ ለማየት ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት አሁንም የሚሠራበት አቋራጭ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ኢንተርኔቱን እየቃኘ፣ ስድሳ ገደማ የሆኑ የፋብሪካ ስምና የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ፣ እጅግ ብዙ የቤት ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በቁጥጥሩ ሥር አዋለ። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ዳይን የተባለው የዲኤንኤስ ድርጅት ላይ በእነዚሁ ዕቃዎች ጥቃት ሲከፈት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ዕቃቸው ወረራ ላይ መሰለፉን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይቀየራል፤ ዩፒኤንፒ ይጠፋል፣ ያለበለዚያ ዕቃው ራሱ ሳይጠይቃችሁ ፖርት ሊከፍት ይችላል፤ የራውተሩ አስተዳደር ገጽ ከውጭ እንዳይከፈት ይደረጋል።

ትክክለኛው መንገድ ቪፒኤን ነው። ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ዓይነት በብዙ ራውተሮች ላይ አለ፤ በተለምዶ ዩዲፒ 51820 ላይ ያዳምጣል፤ ትክክለኛ ቁልፍ ላልያዘ ጥሪ መልስ አይሰጥም። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ራውተሩ ከውጭ የያዘውን አድራሻ ተመልከቱ። በ10፣ በ192.168 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው የሚጀምር ከሆነ ሌላ ራውተር ከፊታችሁ አለ ማለት ነው፤ የአቅራቢውን ሣጥን ብሪጅ ላይ (እንደ ራውተር ሳይሆን እንደ ማስተላለፊያ ብቻ እንዲሠራ) ማድረግ ይጠየቃል። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ደግሞ አቅራቢው አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፤ ምንም ዓይነት ፖርት ብትከፍቱ ከውጭ አይደረስባችሁም። ያኔ ከቤት ወደ ውጭ ግንኙነቱን ራሱ የሚጀምር የቪፒኤን ዓይነት ወይም የመቆጣጠሪያው አምራች የራሱ የርቀት አገልግሎት ያስፈልጋል። ይህን ሳያዩ ፖርት ሲከፍቱ መዋል ከንቱ ድካም ነው።

ሰዓቱም ይታይ። ዕቃዎች ሰዓታቸውን በኤንቲፒ፣ በዩዲፒ ፖርት 123 ያስተካክላሉ። ከኢንተርኔት የታገዱ ካሜራዎች ሰዓታቸው ቀስ በቀስ ስለሚዛነፍ ራውተሩን ወይም መቆጣጠሪያውን የሰዓት ምንጭ አድርጉላቸው። የተዛነፈ ሰዓት የተቀዳውን ምስል ማስረጃነት ያሳጣዋል፤ የምስጢር ሰርተፊኬቶችንም «ጊዜው ያለፈበት» አሰኝቶ ግንኙነት ይቆርጣል።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው። የኔትወርኩ ክልል፣ ማስኩ፣ ጌትዌዩና ዲኤንኤሱ፤ ዲኤችሲፒ የሚያድለው ከየት እስከ የት እንደሆነ፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ ያለበት ክፍል፣ ማኩና አድራሻው፤ የዋይፋዮቹ ስም፣ የምስጢር አሠራርና ቻናል፤ የዚግቢው ቻናል፤ የቪፒኤኑ አቀማመጥ። የይለፍ ቃሎቹ በሌላ ወረቀት ተጽፈው በታሸገ ፖስታ ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ ገጣሚው ዘንድ ብቻ መቅረት የለባቸውም። የራውተሩና የመቆጣጠሪያው የሴቲንግ ቅጂም በፍላሽ ይኑር፤ ራውተሩ የተቃጠለ ዕለት የሚያድነው እሱ ነው።

ከመፈረም በፊት ሁለት ፈተና ይደረግ፤ ባለቤቱም ገጣሚውም ባሉበት። አንደኛው፣ ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁና መልሱት። ሞደሙ፣ ራውተሩና መቆጣጠሪያው በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል በሚሰጥ ሣጥን) ላይ ከሆኑ ለዚህ ፈተና ዩፒኤሱንም አጥፉት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማንም ምንም ሳይነካ እያንዳንዱ ዕቃ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር መልስ መስጠት አለበት፤ ወረቀቱን ይዛችሁ አንድ በአንድ ፒንግ አድርጉ። ሁለተኛው፣ የኢንተርኔቱን መስመር ከሞደሙ ነቅላችሁ መብራቱን፣ በሩን፣ መጋረጃውንና ማሞቂያውን ከቤት ውስጥ ሆናችሁ እዘዙ። የማይታዘዝ ካለ በደመና ብቻ የሚሠራ ነው፤ ስሙ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከማይታዘዙት መካከል የበር ቁልፍ ከተገኘ በቁልፍ ወይም በኮድ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈትበት መንገድ እስኪኖር ድረስ ርክክቡ አይፈረም።

ከአክብሮት ጋር፣
በቤት አውቶሜሽንና በኔትወርክ ተከላ ሙያ የተሰማሩ አንባቢያችሁ